ቤት ከገዛን የመጀመሪያው ክረምት ነው፤ ለማሞቂያ ኦይል ስንት ልያዝ?

የድሬ ልጅ (ዌስትብሩክ፣ ሜይን፣ አሜሪካ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ስል የሐምሌውን ሳይሆን የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ በእኛ በጋ ላይ የሚመጣውን። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ብርድ የሚባል ነገር የሰማሁት አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሄጄ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ሲሉ ነው። ሜይን አምስት ክረምት አሳልፈናል፤ ግን ሁሉንም በኪራይ ቤት፣ ማሞቂያውም ኪራዩ ውስጥ ስለነበረ ያ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም።

ጁን 20 የራሳችን ቤት ገባን፣ ተመስገን። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ 1,500 ስኩዌር ፊት፣ የውሃ ራዲያተር ያለው። ቤዝመንት (ምድር ቤቱ) ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቦይለር፣ ማለትም ኦይል እያነደደ ውሃ የሚያሞቅ ምድጃ፣ እና 275 ጋሎን የሚባል የኦይል ታንከር ቆሟል። ቤቱን የሸጡልን ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አሮጊት ናቸው። እኛ አምስት ነን።

ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። ስንገባ የታንከሩ ጌጅ (መጠኑን የሚያሳየው) ግማሽ ላይ ነበር። ዛሬ ኦገስት 29 ነው፣ ሩብ ላይ ወርዷል። እኛ ግን ማሞቂያውን አንድ ቀን አልነካንም፤ መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው! ባለቤቴ ያንጠባጥባል ብሎ ከታንከሩ ሥር ካርቶን አነጠፈ፤ ሳምንት ሙሉ ደረቅ ነው። ከውጭ በኩል ጎረቤት ይቀዳ ይሆን እስከማለት ደርሰናል። (ጎረቤታችን የ80 ዓመት ሰው ናቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለን።)

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ለአሮጊቷ ያቀርብ የነበረው ኩባንያ ሦስት ምርጫ ጽፎ ላከልን። አሁን ሙሉውን ከፍዬ ጋሎኑን በ3.39 ዶላር መቁረጥ፤ ወይም 149 ዶላር ከፍዬ ዋጋው ከ3.55 እንዳያልፍብኝ፣ ከወረደ ግን አብሮ እንዲወርድልኝ፤ ወይም ለ10 ወር በየወሩ 295 ዶላር። ሌላ ትንሽ ኩባንያ ጋ ስደውል ደግሞ "የዛሬ ዋጋ 3.09፣ ከ100 ጋሎን በታች አንመጣም፣ ሲሞላ እዚያው ትከፍያለሽ" አሉኝ። ያጠራቀምነው 1,400 ዶላር ነው፤ ከዚያ በኋላ በወር 300 ብንጥል ነው። የትኛው ይሻለናል?

አዋሬ፦

አይዞሽ። እኔ ያለፈውን ክረምት ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) 58 ፋረንሃይት፣ ማለትም 14 ሴልሺየስ ገደማ፣ ላይ አድርጌ፣ ማታ ማታ ሳሎን የቡና ከሰል እያቀጣጠልኩ ነው ያለፍኩት። ቡናውም ይፈላል፣ ቤቱም ይሞቃል። ሃሃ።

ጋሼ ናፍጣ፦

መጀመሪያ ለአዋሬ። ወንድሜ፣ ሳቅህን ያብዛልህ፤ ግን ይሄን ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይሞክረው። አገር ቤት በርና መስኮቱ ንፋስ ያስገባል፣ እንዲያም ሆኖ የከሰል ጭስ ስንቱን በእንቅልፉ ወስዶታል። እዚህ ደግሞ መስኮቱ ታሽጎ፣ በሩ ታሽጎ ነው። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራስህን ሲያምህ ብርድ ነው ብለህ ትተኛለህ፣ በቃ። 58 ላይ ስታደርገውም በውጭ ግድግዳ በኩል የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ቀድሞህ ይበርደዋል። ቧንቧ የፈነዳ ለት የአምስት ክረምት ኦይል ዋጋ ትከፍላለህ።

ወዳንቺ ልምጣ፣ የድሬ ልጅ። እኔ ዘጠኝ ክረምት የኦይል መኪና ነድቻለሁ፤ ፖርትላንድ፣ ጎርሃም፣ ዊንድሃም፣ አንቺም ሰፈር። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎ ስኩል ባስ ነው የምነዳው።

ጎረቤትሽን ተያቸው፣ ንጹሕ ናቸው። ኦይሉን የጠጣው ገላችሁ ነው። የድሮ ቦይለር ብዙ ጊዜ ራዲያተሩን ብቻ አይደለም የሚያሞቀው፤ የቧንቧውንም ሙቅ ውሃ እሱ ነው የሚሠራው። ለመሞከር ሻወሩን ሙቅ ላይ ክፈቺና ቤዝመንት ውረጂ፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲነሳ ትሰሚያለሽ።

ጌጁን ደግሞ እንዲህ አንብቢው። የሚያሳይሽ ከፍታ ነው። ታንከሩ ከላይና ከታች ክብ ስለሆነ ሩብ ሲል ውስጡ ያለው ወደ 60 ምናምን ጋሎን ነው። ግማሽ ሲል ወደ 137። ስለዚህ ከጁን 20 እስከ ዛሬ በ70 ቀን ወደ 70 ጋሎን ሄዷል፤ በቀን አንድ ጋሎን። ለአምስት ሰው ሙቅ ውሃ ልክ ነው፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ደግሞ 275 ይባላል እንጂ ከላይ አየር ስለሚተው የሚሞላው 250፣ ቢበዛ 260 ነው።

ስንት ብር ነው ያልሽው አሁን አይመለስም። ያ ቤት በዓመት ስንት ጋሎን እንደሚጠጣ ሳናውቅ 3.39 እና 3.55 ብንባባል ዋጋ የለውም። ሁለት ቦታ ፈልጊ። አንዱ ኩባንያው ጋ ደውለሽ "ባለፈው ዓመት በዚህ አድራሻ ስንት ጋሎን አወረዳችሁ?" በይ። ሌላው እዚያው ቤዝመንት ነው። እኔ በነዳሁበት ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ደረሰኙን አይጥሉም፤ ታንከሩ አጠገብ ምሰሶው ላይ ሚስማር ፈልጊ።

የድሬ ልጅ፦

ጋሼ፣ ጠንቋይ ነዎት እንዴ! ሻወሩን ከፍቼ ወረድኩ፣ ተነሣ። ሚስማሩም አለ፤ ከምሰሶው ጀርባ፣ በሸረሪት ድር ተሸፍኖ። ያለፈው ዓመት ስድስት ወረቀት ነው። ኦክቶበር 14፣ 151 ጋሎን። ዲሴምበር 8፣ 157። ጃንዋሪ 16፣ 169። ፌብሩዋሪ 18፣ 148። ማርች 25፣ 134። ሜይ 6፣ 109። ደመርኩት፣ 868 ሆነ። አንዷ ወረቀት ጀርባ ላይ አሮጊቷ የኬክ አሠራር ጽፈውባታል።

ጋሼ ናፍጣ፦

የኬኩን አስቀምጪልኝ።

አሁን ሥራ አለን። ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ።

ኦይል ሻጮች "ዲግሪ ዴይ" የሚሉት ነገር አለ። የብርድ መለኪያ ነው፤ መነሻው 65 ፋረንሃይት (18 ሴልሺየስ ገደማ) ሆኖ ከዚያ ስንት ዲግሪ እንደወረደ ይቆጠራል። የአንድ ቀን አማካይ ሙቀት 25 ከሆነ ያ ቀን 40 ዲግሪ ዴይ ይባላል። የፖርትላንድ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ወደ 7,000 ይመጣል፤ ጃንዋሪ ብቻውን ወደ 1,300 ይወስዳል። አንቺ ሳትደውዪ መኪናው ደጅሽ የሚመጣው በዚህ ስሌት ነው፣ ማንም ታንከርሽን አያይም።

አሮጊቷ ብቻቸውን ስለነበሩ ለሙቅ ውሃ በቀን ግማሽ ጋሎን እንያዝላቸው፤ በዓመት ወደ 180። ከ868 ላይ ስታነሺው 690 ምናምን ለማሞቂያ ቀረ። 7,000ን ለሱ ስታካፍዪ አንድ ጋሎን ኦይል አሥር ዲግሪ ዴይ ይሸፍናል ማለት ነው። የቤትሽ ቁጥር አሥር ነው፣ ያዢው። ውጭው አማካዩ ዜሮ ፋረንሃይት በሆነበት ቀን 6 ጋሎን ተኩል ለቤቱ፣ አንድ ለገላችሁ፤ 7 ተኩል።

እናንተ አምስት ስለሆናችሁ በሙቅ ውሃው ላይ ሌላ 180 ጨምሪ። ዓመቱ 1,050 ጋሎን ነው። አሁን ያንን የ295 ዶላር ደብዳቤ አውጪ። በ10 ወር 2,950 ነው። ለ3.39 አካፍይው። 870 ጋሎን! ኩባንያው ያሰላው ለአሮጊቷ ነው እንጂ ለአምስት ሰው አይደለም። እሱን ፈርመሽ ብትቀመጪ በየወሩ ከፍዬ ጨረስኩ ስትዪ በመጨረሻው ላይ የ180 ጋሎን ሒሳብ፣ ወደ 600 ዶላር፣ በፖስታ ይመጣልሻል። ማታለል አይደለም፤ ሰው መቀየሩን የነገራቸው የለም። የወር ክፍያ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ "የስንት ጋሎን ግምት ነው?" ብሎ ይጠይቅ።

ዋጋ መቁረጡን በተመለከተ፣ እኔ በሁለቱም በኩል ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። በ2008 በጋ ዋጋው ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ደንግጠው የቆረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ገና ሳይደርስ ገበያው ወደቀና እነሱ በውዱ ሲያሞቁ ከረሙ። በ2022 ደግሞ ዩክሬን ላይ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ከ5 ዶላር አለፈ። ያኔ ያልቆረጡት ናቸው የተጎዱት። ሰው በር ላይ ቆሞ "50 ጋሎን ብቻ አድርግልኝ" ሲለኝ፣ መኪናው ዝቅተኛው 100 ነው ማለት አፌን ያንቀኝ ነበር። ገበያውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ስኩል ባስ አልነዳም ነበር።

ሙሉውን ቀድሞ መክፈል ላንቺ አይሆንም። አንደኛ 1,050 በ3.39 ከ3,500 ዶላር በላይ ነው፣ የለሽም። ሁለተኛ፣ ቀድመሽ የሰጠሽው ገንዘብ ሻጩ ከከሰረ አብሮ ይቀልጣል። እኔ የማውቃቸው ሰዎች በጋ ላይ ከፍለው፣ በክረምት ሲደውሉ ስልኩን የሚያነሳ ጠፍቶ ነበር። የሜይን ሕግ ቀድሞ ገንዘብ የሚቀበል ሻጭ ዋስትና እንዲይዝና ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚከፍል ሰው ዋስትናው ምን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ያንብብ፤ ከሌለ አይፈርም።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በዚህ ሳምንት በ3.09 ታንከሩን አስሞላለሁ። ሩብ ላይ ስለሆነ ወደ 190 ጋሎን ይገባል፣ ከ600 ዶላር በታች። ከ1,400ው ከ800 በላይ ይተርፋል። ከዚያ ወደ ጣሪያ ዋጋው፣ ከ3.55 ወደማያልፈው ምርጫ፣ እሄዳለሁ፤ 149 ዶላሩ ለቀረው 860 ጋሎን ሲበተን በጋሎን 17 ሳንቲም ነው። ቢብስ ቢብስ 3.72 ከፈልኩ ማለት ነው፣ ቢወርድ ደግሞ አብሬ እወርዳለሁ። ለሕፃናት እናት 17 ሳንቲም የእንቅልፍ ዋጋ ነው። ግን ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ! ከፈረምሽ በኋላ ከሌላ መግዛት የሚከለክል ውል አለ፤ መጀመሪያ ታንከሩን ሙዪ፣ ከዚያ ፈርሚ።

ቀጣዩ መሙያ ኖቬምበር አጋማሽ ይመጣል። ሌላው ፈረንጆች ገና አካባቢ። ሌላው ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ሌላው ማርች ላይ። እያንዳንዱ ወደ 640 ዶላር ያዢ። በወር 300 እየጣልሽ ከተረፈሽ ጋር ሲደመር ይደርሳል፤ ግን ጃንዋሪን ካለፍሽ በኋላ እጅሽ ላይ የሚቀረው 250 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያን ወር ለአገር ቤት የምትልኪውን ቀደም ብለሽ አስቢበት።

ሦስት ነገር ብቻ ልጨምርና ልተኛ፣ ነገ ንጋት በፈረንጅ አምስት ተኩል ላይ እነሣለሁ።

ከኦክቶበር በፊት ቦይለሩን አስጠርጊ። ኖዝሉን (ኦይሉን የሚረጨውን) እና ማጣሪያውን ይቀይራሉ፣ ጭሱን ይለካሉ። ዓመት ያልተጠረገ ቦይለር ኦይሉን በጭስ ማውጫ ነው የሚሸኘው።

ጌጁ ሩብ ሲነካ ደውዪ። ካለቀብሽ ሥሩ ያለው ዝቃጭ ወደ ቦይለሩ ይሳባል፤ መስመሩም አየር ስለሚገባው ባለሙያ መጥቶ ማስተንፈስ አለበት። ቦይለሩን ዳግም የምታስነሳውን ቀይዋን የሪሴት ቁልፍ አንዴ ተጫኚ፣ ካልተነሣ እጅሽን አንሺ። ሌሊት ላይ የባሰ ከመጣ ከማደያ አሥር ጋሎን ናፍጣ በቢጫ ጀሪካን ቀድተሽ መጨመር ይቻላል፤ የቤት ኦይል ከናፍጣ እምብዛም አይለይም፣ ልዩነቱ ለግብር ሲባል ቀይ ቀለም መግባቱ ነው። ቤንዚን ግን እንዳታስቢው፣ ቤቱ ይነዳል።

በረዶ ሲጥል የመሙያውን ቧንቧ አካባቢ ጥረጊ። ሾፌሩ ሰው ነው። እየሞላን የምናዳምጠው ፉጨት አለ፤ ከታንከሩ የሚወጣው አየር ያፏጫል፣ ፉጨቱ ሲቆም ሞልቷል። ቧንቧው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ በጭለማ የፈለግሁበት ቤት ሁሉ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል።

እማማ ሰላም ጎረቤት (ፖርትላንድ)፦

ጋሼ ሁሉን ነገሩሽ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሰዎችን የነዳጅ ድጎማ ቢሮ ይዤ ስለምሄድ አንድ ነገር ልጨምር፣ እህቴ። ሂፕ (HEAP) የሚባለውን የማሞቂያ ድጎማ ማመልከቻ አሁኑኑ ሙዪ። ወገኖቻችን "እኛ ሁለታችንም ሠራተኛ ነን፣ ቤትም ገዝተናል፣ አይሰጡንም" ብለው ራሳቸው በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ። ገቢው የሚታየው ከቤተሰብ ብዛት ጋር ነው፤ የአምስት ሰው መስመር ከሁለት ሰው መስመር ይለያል። ባለ ቤት መሆንም አይከለክልም። 211 ብትደውዪ የካውንቲሽን ቢሮ ያገናኙሻል፣ አስተርጓሚም ጠይቂ።

የሁላችሁንም የሥራ ቼክ ወረቀት፣ የቤተሰቡን መታወቂያ፣ የቤቱን ወረቀት ይዘሽ ቅረቢ። ገንዘቡ እጅሽ አይገባም፣ በቀጥታ ለኦይል ሻጩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሻጭሽ ከፕሮግራሙ ጋር የተመዘገበ መሆኑን ሳትጠይቂ ውል አትፈርሚ። ሰው ሲፈርም አይቼ፣ ድጎማው ሲመጣ ሻጩ ስለማይቀበል መከራ አይተናል። ለሂፕ የበቃ ሰው ጣሪያውንና ቤዝመንቱን በነፃ የሚያሽጉበት ፕሮግራምም አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ግን መመዝገብ አይጎዳም።

እቁብተኛው (ሉዊስተን)፦

እኛ ጋ ደግሞ የኦይል እቁብ አለን። ሰባት ቤት ነን፣ በወር 200 ዶላር፣ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር። የሚወጣው 1,400 ነው። ዕጣ የለም፤ በጋ ላይ መቁረጥ የሚፈልግ ቀድሞ ይወስዳል፣ በጋዝ የሚያሞቀው አንዱ ወንድማችን መጨረሻ ይወስዳል። ዳኛችን ሴት ናቸው፣ ከብረት የጠነከሩ። አምና አንዱ በእቁቡ ቴሌቪዥን ገዝቶ ተገኘና ክረምቱን ሁሉ የእግር ኳስ ቀን ቡናውም ምሳውም በሱ ላይ ሆነ።

ሌላ ጥቅምም አገኘንበት። ሰባታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር እንዲሞላልን ስንጠይቅ ሻጩ በጋሎን 10 ሳንቲም ቀነሰልን። መኪናው ሰባቴ ከሚመላለስ አንዴ ቢመጣ ለሱም ይሻለዋል።

አዋሬ፦

ከሰሉን ደጅ አወጣሁት ጋሼ። የጭስ ማስጠንቀቂያዬን ሳየው ባትሪም የለው። ነገ እገዛለሁ።

ጋሼ ናፍጣ፦

የካርቦን ሞኖክሳይዱን ነው የምትገዛው። ያ ሌላ ነው፣ ወረቀቱን አንብብ።

የድሬ ልጅ፦

ዛሬ ሞሉልን። ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ መጥቶ ሳይተኛ ጠበቃቸው። ትንሹ ልጄ ፉጨቱን ሰምቶ ቤዝመንት ውስጥ ወፍ ገባች አለ፤ ሲቆም አለቀሰ። 187 ጋሎን ገባ። ጋሼ፣ 190 ብለው ነበር፣ ሦስት ጋሎን ይቀርብዎታል።

ኩባንያው ጋ ደውዬ "አሁን እኛ አምስት ነን" አልኳቸው። ልጅቷ ሳቀችና አዲስ ግምት እልክልሻለሁ አለች። የሂፕ ቀጠሮ ለሴፕቴምበር 23 ሰጥተውኛል፤ ሻጩ ይቀበላል፣ ጠይቄአለሁ። ጣሪያ ዋጋውን የምፈርመው ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ነው፤ የደብዳቤው ቀን እስከ ሴፕቴምበር 30 ስለሚል ይደርሳል።

አንድ ነገር ብቻ። በስልክ 3.09 ብለውኝ ደረሰኙ ላይ 3.14 ይላል። ለ187 ጋሎን ዘጠኝ ዶላር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም ነው። ጠዋት እደውላለሁ፤ እስከዚያ ወረቀቷን ከአሮጊቷ ስድስት ጋር ሚስማሩ ላይ ሰክቻታለሁ።